ከባብ መካ እስከ ሹመይሲ፦ በድሮው የመካ መንገድ ለብቻ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ መመሪያ

ሹመይሲ በጅዳና በመካ መካከል፣ በድሮው የመካ መንገድ ላይ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ከጅዳ አሮጌ ከተማ ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከመካው ታላቅ መስጊድ ደግሞ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በእስልምና ታሪክ ሑደይቢያ የምትባለው ይህችው ናት፤ የመካ ሐረም (የተቀደሰው ክልል) የምዕራብ ወሰንም በዚሁ ያልፋል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሟን የሰማው ግን በሌላ ምክንያት ነው። መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞች ወደ አገራቸው እስኪመለሱ የሚያዙበት ትልቅ ማቆያ በዚያ ይገኛል። በእርሱ በኩል ያለፈ ሰው ወይም ዘመዱን የጠበቀ ቤተሰብ ሹመይሲን በጭንቅ ያስታውሳታል። አሥራ አራት ክፍለ ዘመን ያስቆጠረውን የሥፍራዋን ታሪክ በእርጋታ ለማየት የሚሻ ተጓዥ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ወደ ሹመይሲ የሚወስደው መንገድ የዝግተኛ ተጓዥ መንገድ ነበር። መኪና ከመምጣቱ በፊት የግመል ቅፍለት ከጅዳ መካ ለመድረስ ሁለት ሌሊት ይፈጅበት ነበር፤ ቀኑን በመንገዱ ላይ ባሉት በባህራ ወይም በሐዳ አርፎ ሲመሽ ይነሣል። በአህያ የሚሄድ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይገሰግሳል። ማረፊያዎቹ፣ ጉድጓዶቹና መንደሮቹ የተቀመጡት በዚህ እርምጃ ተለክተው ነው። ዛሬ በፈጣኑ አውራ ጎዳና የሚያልፍ መኪና ርቀቱን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርሰው የአንዱንም ማረፊያ ስም ሳያውቅ ያልፋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ግን ከማረፊያ ማረፊያ ያለውን ርቀት በጉልበት ያስለካል፤ የባሕሩ ዳር ሜዳ የት እንደሚያበቃ፣ ኮረብታው የት እንደሚጀምር፣ ሸለቆው በየት እንደሚያቋርጥ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ጉዞውን ከዝግጅት እስከ መመለስ በቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ።

1. ለጉዞው ብቁ መሆንን ማረጋገጥ

ከብስክሌቱ በፊት የሚመረመረው ወረቀቱ ነው። በሹመይሲ መግቢያ ተፍቲሽ (የፍተሻ ጣቢያ) አለ፤ በመንገዱ ላይም የፖሊስና የጀዋዛት (የፓስፖርት መሥሪያ ቤት) ፍተሻ በየትኛውም ሰዓት ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ጉዞው የጸና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወይም የጸና ቪዛ ላለው ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ኢቃማው ያለፈበት፣ ከአሠሪው ጋር ክርክር ላይ ያለ ወይም ሑሩብ (ከአሠሪው የጠፋ) ተብሎ የተመዘገበ ሰው ይህን መንገድ መሞከር የለበትም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከሳዑዲ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሕዝብ ከ160 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ በየዙሩ ቀጥሏል። ለአንድ ቀን ሽርሽር ተብሎ የሚገባበት አደጋ አይደለም። ኢቃማው አብሽር በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ መጽናቱ ከጉዞው ቀን በፊት ይታያል፤ በስልክ ላይ ካለው ምስል በተጨማሪ ካርዱ ራሱ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይያዛል። ብስክሌቱ የተገዛበት ደረሰኝ ካለ ፎቶው በስልክ ቢቀመጥ ለጥያቄ መልስ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሃይማኖት ነው። ሙስሊም ላልሆነ ሰው የሐረሙን ወሰን ማለፍ የተከለከለ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ምልክቶችም ይህንኑ ያስታውቃሉ። ክርስቲያን የሆነ ተጓዥ ጉዞውን እስከ ሐዳ አድርጎ ከተፍቲሹ በፊት ይመለሳል። የመንገዱ አብዛኛው ታሪክ ያለው ከወሰኑ በወዲህኛው፣ ማለትም በጅዳ በኩል ስለሆነ ጉዞው አይጎድልበትም።

ሦስተኛው አቅም ነው። አንድ ሰው በጅዳ ኮርኒሽ (የባሕር ዳር ጎዳና) ሳያቋርጥ 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ በማግሥቱ ያለ ሕመም ሥራ መግባት ከቻለ፣ ከማረፊያዎች ጋር የሹመይሲው 50 ኪሎ ሜትር አያቅተውም። ያልቻለ ሰው ለጥቂት ሳምንታት በኮርኒሹ ላይ ቢለማመድ ይደርስበታል።

ሴት ብስክሌተኞችም በሳዑዲ መንገዶች ላይ መታየት ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴቶች በመናፈሻዎች በገደብ እንዲነዱ ተፈቀደ፤ በ2018 ደግሞ ጅዳ የሴቶች የብስክሌት ውድድር አስተናገደች። ይሁንና ከከተማ ውጭ ለብቻ መሄድ ለሴት ተጓዥ ያልተለመደ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ከኋላ በመኪና የሚከተል ዘመድ ቢኖር ይመረጣል።

2. ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

በጅዳ ጥር ላይ የቀኑ ሙቀት 29 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በበጋቸው ወደ 40 ይጠጋል፣ በመካ በኩልም ከ43 ያልፋል። ለብስክሌት የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያሉት ወራት ለዚህ ጉዞ ጨርሶ አይሆኑም፤ ሙቀቱ በእርጥበት ስለሚታገዝ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም ራሱን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል።

ጥሩው ወቅት የራሱ አደጋ አለው። የጅዳ ዝናብ በብዛት የሚጥለው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ጥሎ ከፍተኛ ጎርፍ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009 የጣለው ዝናብ በጅዳ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2022ም ሌላ ከባድ ዝናብ ወደ መካ የሚወስደውን መንገድ ለጊዜው አዘግቷል። ውኃው የሚመጣው ከምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች ስለሆነ፣ በባሕሩ ዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሸለቆው ሊሞላ ይችላል። የአየር ትንበያው ዝናብ ካለ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢመስል፣ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል።

ከቀናት ሁሉ የሚመረጠው ዓርብ ጧት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የሳዑዲ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ በመሆናቸው የዓርብ ጧት መንገድ ከሌላው ቀን ሁሉ ጭር ያለ ነው፤ የጭነት መኪናውም ይቀንሳል። ባቃላ የሚባሉት ትናንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ግን በጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለሚዘጉ የሚገዛ ነገር ካለ አስቀድሞ ይገዛል። በረመዳን ቀን ላይ በአደባባይ መብላትና መጠጣት ስለማይፈቀድና ረጅም ጉዞ ያለ ውኃ ስለማይሞከር በዚያ ወር አይወጣም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ቀኑን በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። በሐጅ ሰሞንም ወደ መካ መግቢያው ፈቃድ በያዙ ሰዎች ብቻ ስለሚገደብና ፍተሻው ስለሚጠብቅ በዚያ ሰሞን ወደ ሹመይሲ አይኬድም።

3. ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ጤነኛ ብስክሌት ግን ግድ ነው። ጎማው ከ35 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት ቢኖረው አሸዋ የበዛበትን የመንገድ ዳር ይችለዋል። ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ የሚከተሉት ይታያሉ።

• የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ ይሞከራል፤ ብስክሌቱ እየተገፋ አንዱ ሲያዝ ቸርኬው ወዲያው መቆም አለበት።
• ካቴናው በጨርቅ ተጠርጎ በትንሹ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ከበዛ አሸዋ ይሰበስብና ጥርሶቹን ይበላል።
• ጎማው በጣት እየተዳሰሰ የተሰካ እሾህ ወይም የተሰነጠቀ ሥፍራ ይፈለጋል። በመንገዱ ዳር ያሉት ግራሮች እሾህ ያራግፋሉ፤ ከጭነት ጎማ የሚወድቅ ቀጭን ሽቦም አለ።
• የመቀመጫው ከፍታ ይስተካከላል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ ታጥፎ የሚቀር ከሆነ ልክ ነው።
• ማኑብሪው ላይ ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይታሰራል። በቀን ብርሃንም ቢሆን የኋላው መብራት እንደበራ ይጓዛል።

ብቸኛ ተጓዥ ጎማ ሲፈነዳበት የሚረዳው ሰው ስለማይኖር ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ላስቲክ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ትንሽ መንፊያና የብሎን መፍቻ ይይዛል። መያዙ ብቻ አይበቃም። የኋላውን ጎማ አውልቆ ካላማዳሪያ ለውጦ መልሶ መግጠምን ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ያሻል።

4. ውኃ፣ ስንቅና ልብስ

በቀዝቃዛው ወቅትም ቢሆን ለአንድ ሰዓት ጉዞ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃ ይታሰባል። ለሙሉው ጉዞ አራት ሊትር ተይዞ ይወጣል፤ ከመንገድ የሚገዛው በዚህ ላይ ተጨማሪ ነው። ውኃ ጥም እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ላብ ጨው ስለሚወስድ ውኃ ብቻ መጠጣት ራስን ያዞራል። ጥቂት ጨው የተጨመረበት በሶ በጠርሙስ ተበጥብጦ ቢያዝ ጥምንም ረሃብንም በአንድ ላይ ያስታግሳል። ተምር፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ለመንገድ የሚመቹ ናቸው፤ ቅባት የበዛበት ምግብ እስከ መመለሻ ይቆያል።

ልብሱ ሰፋ ያለ፣ ብሩህ ቀለም ያለው፣ እጅጌው ረጅም ይሆናል። ይህ ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ጉልበትን የሚሸፍን ሱሪም ለአገሩ ሥርዓት ይስማማል። የራስ ቁር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከአሸዋ የሚከላከል መነጽርና አንገት የሚሸፍን ጨርቅ ይጨመሩበታል። ወደ መስጊድ የሚገባ ሰው ለመቀየሪያ አንድ ንጹሕ ልብስ አጥፎ ይይዛል።

5. ለብቸኝነት መዘጋጀት

ለብቻ መሄድ ማንም ሳያውቅ መሄድ አይደለም። ከመውጣት በፊት አንድ የቅርብ ሰው ሦስት ነገሮች ይነገሩታል፦ የመነሻ ሰዓት፣ የሚታለፉባቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል፣ እና ድምፅ ካልተሰማ ፍለጋ የሚጀመርበት ቁርጥ ሰዓት። የስልኩ የአካባቢ ምልክት ለዚሁ ሰው እስከ ማታ ክፍት ይደረጋል። ትርፍ ባትሪ ይያዛል።

በመካ ክልል ለማንኛውም አደጋ የሚደወለው 911 ሲሆን፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። ደዋዩ ያለበትን ለማስረዳት በመንገዱ ዳር ያለውን የኪሎ ሜትር ሰሌዳ ወይም ያለፈውን መሐጣ (የነዳጅ ማደያ) ስም እያስታወሰ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

የመመለሻ መኪና የሚታሰበው ከመነሣት በፊት ነው። ብስክሌት የሚጭን ፒክአፕ ያለው ወዳጅ ወይም ነጂ በምን ሰዓት፣ ከየት እንደሚያነሣ በግልጽ ይነገረዋል። ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚሆንና ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ወደ ጅዳ ለሚመለስ ሰው ፊት ለፊት ስለሚነፍስ፣ አንዱን መንገድ በብስክሌት፣ ሌላውን በመኪና ማድረግ የሚመከር አካሄድ ነው።

6. ከባብ መካ መነሣት

ጉዞው ከበለድ፣ ከጅዳ አሮጌ ከተማ ይጀምራል። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2014 የሰፈረው ይህ ሠፈር የመካ በር በሚል መጠሪያ ነው የተመዘገበው፤ ከባሕር የወረደ ሐጃጅ ሁሉ ወደ መካ የሚወጣው በእርሱ በኩል ስለነበር ነው። የወደብነቱ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ቅርብ ነው። ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ በስተ ደቡብ ያለው ሹዐይባ ነበር፤ በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በመርከብ የተነሡት ከዚያ እንደሆነ ይተረካል። ወደቡን ወደ ጅዳ ያዛወረው በ647 ኸሊፋው ዑስማን ነው። እርሱ ራሱ ከባለቤቱ ከሩቀያ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነበር።

በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ተጓዡ 12 ሰዓት ላይ በበለድ ተገኝቶ፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ በሱቅ አል-ዐለዊ በኩል ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ጎዳናው ከወደቡ ወደ መካ በር የሚያወጣ የሐጃጆች መተላለፊያ ነበር። በመንገዱ ላይ የናሲፍ ቤት ይገኛል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሠራ ሲሆን፣ ጅዳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1925 እጅዋን ስትሰጥ የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ያረፉት በእርሱ ነበር። ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡት ቤቶችና ከፊታቸው የተንጠለጠሉት የእንጨት ረዋሺን (የመስኮት ከለላዎች) በጧት ብርሃን ጥርት ብለው ይታያሉ። ረዋሺኑ ነፋስ እያስገቡ ፀሐይንና የመንገደኛን ዓይን ይከላከላሉ።

ባብ መካ የከተማዋ ቅጥር የምሥራቅ በር ነበር። ቅጥሩ በ1947 ፈረሰ፤ የከተማዋ መስፋፋትም ከዚያ ወዲህ ፈጠነ። በዚያው ዓመት በመካ በኩል ካለው ከዋዲ ፋጢማ ሸለቆ በቧንቧ የመጣው የዐይን አል-ዐዚዚያ ውኃ ለመስፋፋቱ ዋና ምክንያት ነው። ቀደም ሲል ጅዳ በዝናብ ማጠራቀሚያና የባሕር ውኃን አጣርቶ በሚያቀርብ መሣሪያ የምትኖር የተጠማች ከተማ ነበረች። ብስክሌተኛው ወደ ውኃው ምንጭ አቅጣጫ እንደሚሄድ ማወቁ ከፊቱ ያለውን የመሬት አቀማመጥ ለመረዳት ይረዳዋል።

7. ከኪሎዎቹ እስከ ባህራ

ከባብ መካ በምሥራቅ ያሉት የጅዳ ሠፈሮች በድሮው መንገድ ባላቸው ርቀት ይጠራሉ፦ ኪሎ 8፣ ኪሎ 10፣ ኪሎ 14። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ከሁሉም አደገኛው ነው። መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ፈጣን፣ መግቢያና መውጫውም ብዙ ነው። ይህን ክፍል መድፈር ያልፈለገ ሰው ባብ መካን በእግር ካየ በኋላ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ከኪሎ 14 በኋላ ቢጀምር ከጉዞው የሚጎድለው ጥቂት ነው።

በብስክሌት የሚያልፍ ግን እነዚህን ይጠብቃል፦

• የቀኝ ዳሩን ይዞ፣ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ከቆመ መኪና በሩ ሊከፈት ስለሚችል አንድ ሜትር ይርቃል።
• ወደ መሐጣ ወይም ወደ ሌላ መንገድ የሚታጠፉ መኪኖች ባሉበት ቦታ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ጥርጥር ካለ ወርዶ ይሻገራል።
• የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ይስባል። ማኑብሪው ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ክንድ ግን ላላ ይላል።
• ሁለት ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አይደረግም።
• ወደ ፈጣኑ የሐረመይን ጎዳና የሚያስገቡ ምልክቶች ሲታዩ የድሮውን መንገድ ሳይለቁ ይቀጠላል።

ከኪሎ 14 በኋላ ቤቶቹ ይሳሳሉ፤ ሜዳውም ይገለጣል። መሬቱ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ መካ ራሷ 277 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ረጅም መንገድ ላይ ተሠራጭቶ እምብዛም አይሰማም። ይሁንና ነፋስ ከሌለ ድካሙን የሚያመጣው ይህ የማይታይ ዳገት ነው። ስለዚህ ቀላል ጥርስ ተመርጦ እግር በተመሳሳይ ምት ይሠራል፤ ትንፋሽ ሳያጥር መናገር የሚያስችል ፍጥነት ልክ ነው። በግራና በቀኝ ጠቆር ያሉ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ይጀምራሉ፤ ግራርና የግመል መንጋም ይታያል። ግመል ወደ መንገድ ከወጣ ቆሞ ማሳለፍ እንጂ ጥሩምባ ማሰማት አይገባም።

8. ባህራና ሐዳ

ባህራ ከጅዳ መካ ባለው መንገድ ግማሽ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ ተጓዥ 3 ሰዓት ገደማ ይደርስባታል። እዚህ ግማሽ ሰዓት ማረፍ የጉዞው ግዴታ ክፍል ነው፦ ከጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ይበላል፣ ጠርሙሶቹ ይሞላሉ፣ ለቤትም መልእክት ይላካል።

እ.ኤ.አ. በ1814 በዚህ መንገድ ያለፈው ስዊሳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት ስለ ባህራ፣ ስለ ሐዳና በመካከላቸው ስላሉት የቡና ጎጆዎች ጽፏል። ተጓዦች ከቀኑ ሙቀት የሚሸሸጉት በእነዚያ ጎጆዎች ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ባህራ የአገሮች ድንበር የተሠመረባት ሆነች። በ1925 መጸው ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ጅዳን ከበው ሳለ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሰር ጊልበርት ክሌይተን ጋር የተደራደሩት በባህራ ሰፈራቸው ነው። ኅዳር 1 ቀን 1925 የተፈረመው የባህራ ስምምነት ከኢራቅ፣ በማግሥቱ የተፈረመውና በሐዳ ስም የሚጠራው ስምምነት ደግሞ ከትራንስዮርዳኖስ ጋር ያለውን ጉዳይ ወሰነ። ዛሬ ሳዑዲን ከዮርዳኖስ የሚለየው መስመር መሠረቱ የሐዳው ስምምነት ነው፤ በኋላ በ1965 ተሻሽሏል።

ከባህራ በኋላ የምትመጣው ሐዳ በዋዲ ፋጢማ ታችኛው ክፍል ላይ ናት። ይህ ሸለቆ በላይኛው በኩል መር አዝ-ዘህራን የሚባለው ነው፤ በ630 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መካን ለመክፈት ሲመጡ 10,000 ያህሉ ሠራዊታቸው በዚያ አድሯል። የመሬቱን ውኃ አዘል መሆን የሚያሳዩ የአትክልት ቦታዎችና የተምር ዛፎች እዚህም እዚያም ይታያሉ። የግል እርሻ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ አይገባባቸውም። ሙስሊም ያልሆነ ተጓዥ መመለሻ መኪናውን የሚጠብቀው በሐዳ ነው።

9. ሹመይሲ

ተፍቲሹ ሲቃረብ ፍጥነት ይቀነሳል፤ ስልክ ወደ ኪስ ይገባል፤ ኢቃማ ለእጅ ይቀርባል። ብስክሌተኛው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ይጠጋል፣ ሰላምታ ያቀርባል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ተመለስ ከተባለ ያለ ክርክር ይመለሳል። ተፍቲሹን፣ ማቆያውንና ማናቸውንም የመንግሥት ሕንፃ ፎቶ ማንሣት አይገባም። በማቆያው ያለ ዘመድን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ይህን በጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል ይከታተላል፤ በብስክሌት በር ላይ ሄዶ መቆም የሚፈታው ነገር የለም።

ተጓዡ ወደ ሑደይቢያ መስጊድ የሚደርሰው በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲሱ መስጊድ አጠገብ የቀድሞው ፍርስራሽ ይታያል። በስድስተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 628፣ ነቢዩ ሙሐመድ 1,400 ያህል ተከታዮቻቸውን አስከትለው ለዑምራ ሲመጡ ቀስዋ የተባለች ግመላቸው እዚህ ተንበረከከች። መካን የያዙት የቁረይሽ ጎሣ ሰዎች መንገድ ከለከሉ። ዑስማን ለድርድር ወደ መካ ተልኮ ሲዘገይ ተገደለ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ተከታዮቹም ከአንድ ዛፍ ሥር ቃል ኪዳን ገቡ። በኋላ ሱሀይል ኢብን ዐምር የቁረይሽ ተወካይ ሆኖ መጣና ለአሥር ዓመት ጦርነት የሚያቆም ውል ተጻፈ፤ ጸሐፊው ዐሊ ነበሩ። በውሉ መሠረት ሙስሊሞቹ በዚያ ዓመት መካ ሳይገቡ ተመልሰው በተከታዩ ዓመት እንዲመጡ ሆነ።

ውሉ ብዙዎቹን ተከታዮች አሳዘነ፤ ከብታቸውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሲታዘዙ ማንም አልተነሣም። ነቢዩ የባለቤታቸውን የኡሙ ሰለማን ምክር ሰምተው፣ ማንንም ሳያናግሩ ራሳቸው አርደው ሲላጩ ሕዝቡ ተከተለ። ኡሙ ሰለማ በሐበሻ በስደት የኖረች ሴት ናት፤ ስለ ሐበሻው ንጉሥ ስለ ነጃሺ ፍትሕ ከተላለፉት ዘገባዎች ዋነኛው የመጣው በእርሷ በኩል ነው። በመመለሻው መንገድ ሱረቱል ፈትሕ (የድል ምዕራፍ) የተባለችው የቁርኣን ምዕራፍ ወረደች፤ በደጅ የቀረው ጉዞም በታሪክ ድል ተብሎ ተቆጠረ። ዛፉን ኸሊፋው ዑመር በኋላ እንዳስቆረጡት ይተረካል፤ ሰው ዛፉን ወደ ማክበር እንዳይሄድ በመስጋት ነው።

ሑደይቢያ ከፊሏ ከሐረሙ ወሰን ውጭ፣ ከፊሏ ውስጥ ናት። ወሰኑን ያለፈ ሰው አራዊት አያድንም፣ በራሱ የበቀለ ዛፍ ወይም ቅጠል አይቆርጥም። ስለዚህ ለብስክሌቱ መደገፊያ ወይም ለጥላ ተብሎ ቅርንጫፍ አይሰበርም። ብስክሌቱ የሰው መተላለፊያ በማይዘጋ ሥፍራ ተቆልፎ ይቆማል። የመካ ነዋሪዎች ለዑምራ ኢሕራም ከሚያደርጉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ በመሆኑ፣ ለአምልኮ የመጣ ሰው እየበዛ ሲሄድ ጎብኚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳር ይይዛል።

10. መመለስ

ከቀትር በፊት ጉብኝቱ ይጠናቀቃል። መኪናው በተቀጠረበት ቦታ ሲመጣ ብስክሌቱ የፊት ቸርኬው ተፈትቶ፣ ካቴናው ወደ ላይ ሆኖ በገመድ ይታሰራል። ለቤት የደረስኩ መልእክት የሚላከው ቤት ሲገባ እንጂ መኪና ላይ ሲወጣ አይደለም።

በብስክሌት ለመመለስ የወሰነ ብርቱ ተጓዥ ከ5 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ይነሣል፤ በባህራ እንደገና ያርፋል። በመንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የላብ መቆም ከተሰማ የሙቀት ሕመም ምልክት ነው። ወዲያው ወደ ጥላ ተገብቶ ውኃ በአንገትና በብብት ላይ ይፈስሳል፤ ላብ ከቆመ ወዲያውኑ፣ ሌላው ምልክት ደግሞ በግማሽ ሰዓት ካልተሻለ 997 ይደወላል። ያን ቀን ዳግም ብስክሌት ላይ አይወጣም።

11. ከጉዞ በኋላ

የጅዳ አየር ጨዋማ፣ የመንገዱ ዳር ደግሞ አሸዋማ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ብረት ቶሎ ይዝጋል። በዚያው ማታ ብስክሌቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ካቴናው ይደርቅና ዘይት ይቀባል፣ ጎማውም እንደገና ለእሾህ ይዳሰሳል። በማረፊያዎቹ የፈጀው ሰዓት፣ የተጠጣው ውኃ መጠንና አስቸጋሪ የነበሩት መታጠፊያዎች በማስታወሻ ይሠፍራሉ። ለሚቀጥለው ተጓዥ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ማስታወሻ ነው፤ መንገዱን ለሚያውቁ ወዳጆች ማካፈሉም የጉዞው የመጨረሻ ደረጃ ነው።